የኮሌጁን ዋጋ አይተው ገጹን ከመዝጋትዎ በፊት፦ በአሜሪካ የትምህርት እርዳታ አጠያየቅ

በየዓመቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ካላቸው ወላጆች ጋር ስቀመጥ አንድ ንግግር ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «ዋጋውን አይተነዋል፤ ከአቅማችን በላይ ነው።» ዋጋውን ያዩት በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ነው። ቁጥሩ ሰማንያ ሺህ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሥራ የሚሠራ አባትና በሌሊት ፈረቃ አረጋውያንን የምትንከባከብ እናት ያንን ቁጥር ሲያዩ ገጹን ቢዘጉ አልፈርድባቸውም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ቁጥር እነሱ የሚከፍሉት ዋጋ አልነበረም። የእነሱ ዋጋ የሚታወቀው ካመለከቱ በኋላ ነው።

ሌላም የሚያግደን ነገር አለ። ገቢንና ዕዳን፣ በባንክ ያለን ገንዘብ ለማናውቀው ቢሮ መዘርዘር ይከብደናል። ያደግነው ገመናን ሸፍኖ መኖር ክብር ነው ተብለን ነው። «ልመና አይሆንብንም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ አባት ነበሩ። አይሆንም። የፌዴራሉ መንግሥት የተማሪ እርዳታ በ1965 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የቆመ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት በቴክሳስ ሳን ማርከስ ከተማ፣ ራሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ ተገኝተው ነው፤ በተማሪነታቸው እዚያው ኮሌጅ የጽዳት ሥራ እየሠሩ ነበር የሚማሩት። ገንዘቡ ከግብር የሚመጣ ነው፤ ግብሩን ደግሞ እኚህ አባት ከእያንዳንዱ ደመወዛቸው ሲከፍሉ ኖረዋል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እንላለን። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል። ለኮሌጅ ተደራሽነት የሚሠራ አንድ ብሔራዊ ማኅበር እንደገመተው፣ በ2022 ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁ ተማሪዎች የፌዴራሉን የእርዳታ ማመልከቻ ፎርም ባለመሙላታቸው ብቻ ሳይወስዱት የቀረው ፔል ግራንት፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ፣ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች ነው። ከኢትዮጵያ ሆነው ለሚያመለክቱ ተማሪዎችም አንድ ክፍል አለው። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ ሁለቱን ዋጋዎች ይለዩ

እያንዳንዱ ኮሌጅ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ በድረ ገጹ የሚለጠፈው ነው። ሌላው ግራንትና ስኮላርሺፕ፣ ማለትም የማይመለሰው እርዳታ፣ ከተቀነሰ በኋላ የእርስዎ ቤተሰብ የሚከፍለው የተጣራ ዋጋ ነው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን የአራት ዓመት የግል ኮሌጆች የተለጠፈ የትምህርት ክፍያ በአማካይ 43,350 ዶላር ነበር። አዲስ ገቢ ተማሪዎች እርዳታው ከተቀነሰ በኋላ በአማካይ የከፈሉት ግን ወደ 16,500 ዶላር ነው። በራሳቸው ክፍለ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ደግሞ የተለጠፈው 11,610፣ የተከፈለው ወደ 2,500 ዶላር ገደማ ነበር። መኖሪያና ምግብ ለብቻው ይታሰባል፤ እሱም ቀላል አይደለም። ቢሆንም በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ርቀት ይመልከቱ።

ርቀቱ በጣም የሚሰፋው ከፍተኛ ሀብት ባላቸው ኮሌጆች ነው። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር በታች ከሆነ ቤተሰቦች ለትምህርት፣ ለመኖሪያም ሆነ ለምግብ አያስከፍልም፤ እስከ 200,000 ዶላር ለሚያገኙት የትምህርት ክፍያውን ያነሳል። እነዚህ ኮሌጆች ለመግባት እጅግ ከባድ መሆናቸው እውነት ነው። ግን ጥሩ ውጤት ያለው ልጅ በዋጋው ምክንያት ከማመልከት መቅረት የለበትም። በዓመት 60,000 ዶላር ለሚያገኝ ቤተሰብ፣ በጣም ውድ መስሎ የታየው ኮሌጅ ሰፈር ካለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል።

የእርስዎን ዋጋ ከማመልከትዎ በፊት ለመገመት መሣሪያ አለ። በ2008 የወጣ ሕግ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ በድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። የታክስ ወረቀትዎን ይዘው ሩብ ሰዓት ያህል ቢቀመጡ ግምት ያገኛሉ። ልጅዎ አሥራ አንደኛ ክፍል እያለ ለአምስት ወይም ለስድስት ኮሌጆች ይሞክሩት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ታክሲ ወይም የጭነት መኪና በግል የሚነዱ፣ ወይም የራስዎ ሱቅ ያለዎት ከሆነ ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ማስያው የተሠራው በዋናነት ለደመወዝተኛ ነው።

ማን ማመልከት ይችላል?

ለፌዴራል እርዳታ ወሳኙ የተማሪው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የወላጅ አይደለም። ልጁ ዜጋ ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ካለው፣ በስደተኝነት የገባ ከሆነ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ከሆነ ማመልከት ይችላል። በዲቪ ባለፈው ዓመት የመጣ ልጅም ግሪን ካርዱን እንደያዘ ከዜጋው እኩል ያመለክታል፤ «ገና አዲስ ነን» ብለው የሚቀሩ ቤተሰቦች ይህን ይወቁልኝ። የክፍለ ግዛት እርዳታ ግን የተወሰነ የነዋሪነት ጊዜ ሊጠይቅ ስለሚችል ለብቻው ማጣራት ያስፈልጋል።

የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ልጅ የፌዴራሉን አያገኝም። ይሁን እንጂ እንደ ካሊፎርኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ያሉ ክፍለ ግዛቶች የፌዴራሉን ፎርም መሙላት ለማይችሉ የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው። ወላጁ ወረቀት የሌለው፣ ልጁ ግን ዜጋ በሆነበት ቤት ፎርሙን መሙላት ይቻላል። መረጃውን ከመላክዎ በፊት ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

አካውንት መክፈት፦ ብዙዎቻችን የምንሰናከልበት

ዋናው ፎርም ፋፍሳ ይባላል። ትርጉሙ ለፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀርብ ነጻ ማመልከቻ ነው። «ነጻ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ስላለ፣ ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት ወዲያው ይውጡ። ትክክለኛው ስቱደንት ኤይድ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ሲሆን አድራሻው የሚያበቃው የመንግሥት መለያ በሆነው «ጎቭ» ነው።

ተማሪው የራሱ አካውንት ያስፈልገዋል፤ ወላጅም የራሱ። በአንድ ኢሜልና በአንድ ስልክ ሁለት አካውንት ለመክፈት አይሞክሩ። ወላጅ «እኔ ልሙላለት» ብሎ በልጁ ስም ከፍቶ የራሱን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያስገባበትን አካውንት ለማስተካከል ሳምንታት ሲወስድ አይቻለሁ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል።

አሁን ወደ ስማችን እንምጣ። በእኛ አሰያየም አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያዩ የመጨረሻ ስሞች ሊኖሯቸው ይችላል። ይህ ለፎርሙ ችግር አይደለም፤ አይጨነቁ። ችግር የሚፈጠረው የአንዱ ሰው ስም ከራሱ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። በካርዱ ላይ የአያት ስም በመጨረሻ ስም ቦታ ከተጻፈ እንደዚያው ያስገቡ። በእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ቲ ያለው ስም በሁለት ቲ ከተጻፈ መረጃው አይገጥምም። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ከእኛ አቆጣጠር ሲመለስ በአንድ ዓመት ወይም በጥቂት ቀናት የተዛባ ቀን በፓስፖርቱ ላይ ካለና ሶሻል ሴኩሪቲም ያንኑ ከመዘገበ፣ እውነተኛው ቀን ሌላ ቢሆንም በመዝገብ ያለውን ይጠቀሙ። ተማሪው ወላጁን ወደ ፎርሙ ሲጋብዝ የሚጽፈው መረጃም በወላጁ አካውንት ውስጥ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ካርዶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ፊደል በፊደል እያያችሁ ሙሉ።

ማንነት የማረጋገጡ ሂደት ጥቂት ቀናት ሊወስድ ስለሚችል አካውንቱን ፎርሙ ከመከፈቱ በፊት ያዘጋጁ።

«ወላጅ» ማለት ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በእኛ ቤተሰቦች ውስጥ ግን ቀላል አይደለም። ከአክስቱ ጋር የሚያድግ ልጅ አለ፤ እናቱ አዲስ አበባ ናት፤ አክስቱ በታክሷ ላይ አስመዝግባዋለች፤ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችውም እሷ ናት። በልባችን እናቱ እሷ ናት። በፎርሙ ላይ ግን በሕግ በጉዲፈቻ እስካልወሰደችው ድረስ ወላጅ አይደለችም፤ የእሷም ገቢ አይገባም። በሕይወት ያለችው እናቱ ናት በፎርሙ መሳተፍ ያለባት። በአሜሪካ ታክስ ስለማትከፍል ገቢዋ ከብር ወደ ዶላር ተመንዝሮ በእጅ ይሞላል። ለብዙ እንዲህ ላሉ ልጆች ይህ መልካም ዜና ነው፤ ገቢው በዶላር ሲተመን ትንሽ ስለሚሆን የሚያገኙት እርዳታ ከፍ ይላል።

ልጁ 13 ዓመት ከሞላው በኋላ በማንኛውም ጊዜ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ካልነበሩ፣ ወይም ፍርድ ቤት ሕጋዊ አሳዳሪ ከሰየመለት፣ ልጁ እንደ ራሱን የቻለ ተማሪ ይቆጠራል፤ የማንም ወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ከእነዚህ ውጭ «ልጄ ለብቻው ይኖራል፤ ራሱን ችሏል» ማለት አይሠራም። በጥቅሉ ተማሪው 24 ዓመት እስኪሞላው፣ ካላገባ፣ የሚያስተዳድረው ልጅ ከሌለው ወይም በውትድርና ካላገለገለ የወላጅ መረጃ ግዴታ ነው።

ወላጆች ከተፋቱ ባለፉት 12 ወራት ለልጁ ይበልጥ ገንዘብ ያወጣው ወላጅ ይሞላል። እሱ ወይም እሷ ሌላ ካገቡ የአሁኑ የትዳር ጓደኛ ገቢም ይገባል። ባልና ሚስት ታክስ የሚያሳውቁት በጋራ ከሆነ አንዳቸው ብቻ ቢሳተፉ በቂ ነው።

ፎርሙን መሙላት

የሚታየው ገቢ የሁለት ዓመት በፊት ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የ2024 ታክስ ይታያል። አብዛኛው ቁጥር ከታክስ መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ይመጣል፤ ለዚህ እያንዳንዱ ተሳታፊ ፈቃዱን መስጠት አለበት። ታክስ ባይከፍሉም እንኳ ፈቃዱን ይስጡ። ፈቃድ የነፈገ አንድ ሰው ካለ ተማሪው ምንም የፌዴራል እርዳታ አያገኝም።

ስለ ንብረት ብዙ ፍርሃት አለ። ስለዚህ ግልጽ ላድርገው። የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም። የጡረታ ቁጠባም አይቆጠርም። በወላጅ ስም ያለ ቁጠባ ቢበዛ 5.64 በመቶው ብቻ ይታሰባል፤ በልጁ ስም ያለው ግን 20 በመቶው። በልጁ ስም የተቀመጠለትን ገንዘብ በተመለከተ ይህን ልዩነት ያስቡበት። ገቢዎ ከ60,000 ዶላር በታች ሆኖ የታክስ አሞላልዎ ቀላል ከሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ እንደ ሜዲኬይድና ፉድ ስታምፕ ያለ ድጋፍ ተቀብሎ ከሆነ፣ ንብረትዎ ከስሌቱ ጨርሶ ሊወጣ ይችላል።

ከጠየቁ ደግሞ አገር ቤት የተሠራው ቤት ይቆጠራል፤ የሚኖሩበት ስላልሆነ እንደ ሌላ ንብረት ይጻፋል። ዕቁብ የወጣልዎት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ከሆነ ፎርሙን በሞሉበት ዕለት ባለው መጠን ይቆጠራል፤ ገና የሚከፍሉት ዙር ቢኖርም ፎርሙ አይቀንስልዎትም። መደበቅ አይገባም፤ ወንጀልም ነው። ነገር ግን ያለብዎትን የክሬዲት ካርድ ዕዳ ፎርሙን ከመሙላትዎ በፊት መክፈል ሕጋዊም ብልህነትም ነው፤ ፎርሙ ጥሬ ገንዘቡን ያያል እንጂ ያንን ዕዳ አያይም።

ለአገር ቤት ዘመድ የሚልኩትም ገንዘብ በፋፍሳ አይቀነስም። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። በየወሩ ለእናቱ የሚልክ ሰው ያ ገንዘብ በእጁ የለም። መፍትሔው ከዚህ በታች ይመጣል፤ ለጊዜው ግን የላኩበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ።

በመጨረሻ እስከ 20 ኮሌጆች ይዘረዝራሉ። ሁሉንም ይጻፉ፤ ልጁ «አልገባበትም» ያለውንም። ከዚያ ተማሪውም ወላጁም በየራሳቸው አካውንት ገብተው መፈረማቸውን ያረጋግጡ። ግማሽ መንገድ ላይ የቀሩት ፎርሞች አብዛኞቹ አንድ ፊርማ የጎደላቸው ናቸው።

ሲጨርሱ የተማሪ እርዳታ መለኪያ የሚባል ቁጥር ይመጣል። ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ሊወርድ ይችላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የእርዳታ ፍላጎትዎ የበለጠ ነው። የክፍያ ደረሰኝ አይደለምና ቁጥሩን አይተው አይደንግጡ። ዝቅተኛ ከሆነ ልጅዎ በ2025–26 እስከ 7,395 ዶላር የደረሰውን ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ ገንዘብ አይመለስም።

ቀኖቹ

ፎርሙ በተለምዶ ኦክቶበር 1 አካባቢ ይከፈታል። የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን የትምህርት ዘመኑ የሚያበቃበት ጁን 30 ነው። ይህ ቀን ግን ያዘናጋል። የክፍለ ግዛቶችና የኮሌጆች ገንዘብ ውስን ነው፤ ቀድሞ ላመለከተ ይሰጣል፤ ሲያልቅ ያልቃል። የሜሪላንድ ቀን ማርች 1 ሆኖ ቆይቷል። ካሊፎርኒያም በማርች መጀመሪያ ነው። የኮሌጆች ደግሞ ከዚያም ሊቀድም ይችላል።

ለመጀመሪያ ልጄ ያመለከትኩት በሜይ ወር ነበር፤ «ጊዜ አለ» ብዬ። የፌዴራሉን አገኘች። የክፍለ ግዛቱ ገንዘብ ግን አልቆ ነበር፤ ለአንድ ዓመት ሙሉ ያንን ጉድለት በትርፍ ሰዓት ሥራ ሸፈንኩት። ለሁለተኛው ልጄ በኦክቶበር ወር ጨረስኩ። ልዩነቱ ሰባት ወር ቀድሞ ማመልከት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ፎርም

ከሁለት መቶ የማያንሱ፣ አብዛኞቹ የግል የሆኑ ኮሌጆች ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ተጨማሪ ፎርም ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄው ብዙ ነው፤ የቤት ዋጋንም የሁለቱንም የተፋቱ ወላጆች ገቢም ሊጠይቅ ይችላል። የሚከፈልበት ቢሆንም ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰቦች ነጻ ነው። ጥቅሙ ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ የቤተሰብዎን ሁኔታ በራስዎ ቃል የሚያስረዱበት ቦታ አለ። ለእናትዎ የሚልኩትን፣ የታመመ ወንድም የሚያሳክሙበትን፣ ለሌላ ልጅ ከአገር ቤት መምጣት የሚያጠራቅሙትን እዚያ ይጻፉ። በቁጥር ይጻፉ፦ በወር ይህን ያህል፣ ለእነማን፣ ከመቼ ጀምሮ።

በአቅራቢያዎ ያለው ገንዘብ

ክፍለ ግዛቶች የሚሰጡትን ብዙ ሰው አያውቅም። ሚኒሶታ ከ2024 መኸር ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰቦች በመንግሥት ኮሌጆች የትምህርት ክፍያን በሙሉ ይሸፍናል። ዋሽንግተን ግዛት የራሱ ሰፊ ግራንት አለው። ጆርጂያ በውጤት ላይ የተመሠረተ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። በዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ደግሞ በሌላ ክፍለ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የክፍያ ልዩነቱን የሚደግፍ፣ በ1999 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ፕሮግራም አላቸው።

የግል ስኮላርሺፕ ሲፈልጉ ትልልቆቹን ብቻ አያሳድዱ። የልጅዎን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ፣ የቤተ ክርስቲያናችሁን ወይም የመስጊዳችሁን ማኅበር፣ የሚሠሩበትን ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቁ። ተወዳዳሪው ጥቂት ስለሆነ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ አንዳንድ ኮሌጆች ልጁ ከውጭ ስኮላርሺፕ ሲያገኝ የራሳቸውን ግራንት ይቀንሳሉ። ሜሪላንድ በ2017 ይህን በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ የገደበች የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ናት። ሌላ ቦታ ከሆኑ ገንዘቡን ከመቀበልዎ በፊት «መጀመሪያ ብድሩን ቀንሱልኝ» ብለው ይጠይቁ።

የእርዳታ ደብዳቤውን ማንበብ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሰጥተው ማንበብ ያለብዎት ይህን ወረቀት ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ጥናት፣ ከኮሌጆች 91 በመቶ የሚሆኑት በደብዳቤያቸው የተጣራውን ዋጋ ወይ ጨርሶ አያስቀምጡትም ወይ አሳንሰው ያሳያሉ ብሏል።

ምሳሌ ላሳይ። አንድ ልጅ ሁለት ደብዳቤ መጣለት እንበል። የመጀመሪያው የግል ኮሌጅ ነው፦ ጠቅላላ ወጪ 78,000፤ ግራንት 61,000፤ በግቢ ውስጥ ሥራ 3,000፤ የተማሪ ብድር 5,500። ከታች «ቀሪ ክፍያ 8,500» ይላል። ሁለተኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፦ ጠቅላላ ወጪ 31,000፤ ግራንት 12,000፤ የተማሪ ብድር 5,500፤ የወላጅ ብድር 13,500። ከታች «ቀሪ ክፍያ ዜሮ» ይላል። አባት በደስታ ሁለተኛውን ይመርጣል።

አሁን ብዕር ይያዙና ብድሩንም ሥራውንም ይሰርዙ። ከጠቅላላው ወጪ ግራንትና ስኮላርሺፕ ብቻ ይቀንሱ። የመጀመሪያው 17,000 ነው። «ዜሮ» ያለው ሁለተኛው 19,000 ነው። ዜሮ የተባለው ቤተሰቡ በዕዳ ስለሞላው ነው። ብድር እርዳታ አይደለም፤ ተመላሽ ገንዘብ ነው፤ ወለድም አለው። የሥራውም ገንዘብ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ እንጂ ከክፍያው የሚቀነስ አይደለም።

ግራንቱ ለአራት ዓመት ይቀጥል እንደሆነና ለመቀጠል ምን ውጤት እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ይጠይቁ። የመጀመሪያውን ዓመት አሳምሮ በሁለተኛው የሚቀንስ አለ።

ብድር ካስፈለገ ከተማሪው የፌዴራል ብድር ይጀምሩ። በመጀመሪያው ዓመት 5,500 ዶላር ድረስ ነው፤ ከዚህ ውስጥ እስከ 3,500 የሚሆነው ልጁ በትምህርት ላይ እያለ መንግሥት ወለዱን የሚከፍልለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። በ2025–26 የተሰጡት ወለዳቸው 6.39 በመቶ ነው። የወላጅ ፕላስ የሚባለው ግን 8.94 በመቶ ሆኗል፤ ተበዳሪውም እርስዎ ነዎት፤ ልጁ አይደለም። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ይህ ብድር ለአንድ ተማሪ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተገድቧል። እኔ ገደቡን እደግፋለሁ። በስልሳ ዓመታቸው ለልጃቸው ዲግሪ ዕዳ እየከፈሉ ጡረታ መውጣት ያልቻሉ ወላጆችን አውቃለሁ።

ይግባኝ፦ ይሉኝታን እዚህ ላይ ይተዉት

የተሰጠዎት እርዳታ ካልበቃ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ። የኮሌጁ የፋይናንስ እርዳታ ባለሙያ የቤተሰቡን ልዩ ሁኔታ አይቶ ስሌቱን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ከሥራ መባረር፣ የሥራ ሰዓት መቀነስ፣ ሕመም፣ ፍቺ፣ ሞት፣ ኢንሹራንስ ያልሸፈነው የሕክምና ወጪ በቂ ምክንያቶች ናቸው። የታየው የሁለት ዓመት በፊት ገቢ መሆኑን አስታውሱ፤ ከዚያ ወዲህ ገቢዎ ከቀነሰ ኮሌጁ ሊያውቅ የሚችለው እርስዎ ሲነግሩት ብቻ ነው። በፋፍሳ ያልተቀነሰው የሐዋላ ገንዘብም እዚህ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ ሁሉም ኮሌጅ ባይቀበለውም ደረሰኝ ላለው ሰው የሚሰማ አለ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። በመጀመሪያ ልጅዎ ኮሌጁን እንደሚፈልግና ስላገኘው እርዳታ እንደሚያመሰግኑ ይጻፉ። ቀጥሎ የተለወጠውን ነገር ከነቀኑና ከነቁጥሩ ያስቀምጡ፦ «በማርች ወር ባለቤቴ ከሥራ ተቀነሰች፤ የቤተሰባችን ወርሃዊ ገቢ ከ6,200 ወደ 3,400 ዶላር ወርዷል።» ማስረጃውን ያያይዙ። ሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ሰጥቶ ከሆነ ደብዳቤውን አባሪ ያድርጉ። መጨረሻ ላይ የሚጎድለውን መጠን በትክክል ይጥቀሱ። «በተቻላችሁ መጠን ብትረዱን» የሚለው ጨዋነት እዚህ አይጠቅምም፤ ባለሙያው ቁጥር ይፈልጋል። ከሳምንት በኋላ ልጅዎ ራሱ ይደውል።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚያመለክቱ

በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ልጅ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ተስፋው የኮሌጆቹ የራሳቸው ገንዘብ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ እና አምኸርስት የውጭ አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን ከግምት አያስገቡም፤ ለተቀበሉት ደግሞ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ሌሎች ብዙ ኮሌጆች ጥሩ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ግን አቅም ማጣት የመመረጥ ዕድልን ሊቀንስ ይችላል። ገንዘብ የሚጠየቀው ከማመልከቻው ጋር ነው፤ ከተቀበሉ በኋላ ለመጠየቅ ማሰብ አብዛኛውን ጊዜ በሩን ይዘጋል። የማመልከቻ ክፍያውን ኮሌጁ እንዲያነሳልዎት በኢሜል ይጠይቁ። «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ብር አይስጡ።

በየዓመቱ እንደገና

ፋፍሳ በየዓመቱ ይሞላል። ካለፈው ዓመት የቀጠለ ነገር የለም፤ ረስቶ የቀረ ተማሪ ግራንቱን ያጣል። ልጁም ትምህርቱን በአግባቡ መከታተል አለበት፤ ብዙ ኮሌጆች አማካይ ውጤቱ ከ2.0 እንዳይወርድና ከተመዘገበባቸው ኮርሶች ሁለት ሦስተኛውን እንዲያልፍ ይጠይቃሉ። ኮርስ ከማቋረጡ በፊት የእርዳታ ቢሮውን እንዲያነጋግር ይንገሩት።

በታክስ ጊዜ ደግሞ ኮሌጁ የሚልከውን 1098–ቲ የሚባል ቅጽ ለታክስ ሠራተኛዎ ይስጡ። ለከፈሉት የትምህርት ወጪ በአንድ ተማሪ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ የታክስ ቅናሽ ለአራት ዓመት ያገኛሉ፤ ከዚህ ውስጥ እስከ 1,000 ዶላር የሚሆነው ግብር ባይኖርብዎትም ተመላሽ ሊሆን ይችላል። የሁለቱንም አካውንት የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፈው ከፓስፖርቶቹ ጋር ያስቀምጡ። በሚቀጥለው ኦክቶበር ይፈልጉታል።